አንዱ ቫኒላ በ29 ዋጋ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ስለ ማናቸውም የሥራ ደንብ ለመናገር የሚሻ ሰው አስቀድሞ ደንቡ ከምን ችግር እንደ ተወለደ ሊመረምር ይገባዋል። በመሥሪያ ቤት ለሚውል ሰው ቅጽ መሙላት፣ መዝገብ መክፈትና ቍጥር መስጠት የዕለት ተግባር ስለ ሆነ፣ እነዚህ ነገሮች ታሪክ ያላቸው አይመስለውም። ታሪክ ሲባል ወዲያው ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ጦርነትና የመንግሥታት ውል ነው እንጂ የመጋዘን መዝገብ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ታላቅ ድርጅት ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት አፍስሶ ከታገላቸው ትግሎች አንዱ ከመጋዘን መዝገብ ጋራ የተደረገ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው፣ ኔስሌ የተባለው የስዊስ ኩባንያ በብዙ አገሮች ተበታትነው የሚገኙትን ፋብሪካዎቹንና ቅርንጫፎቹን በአንድ አሠራር ለማስተዳደር ያደረገውን ጥረት፣ በጥረቱ መካከል የደረሰበትን ውድቀትና ከውድቀቱ ያገኘውን ትምህርት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

የኩባንያው አመጣጥ ከሁለት ምንጭ ነው። በ1866 ቻርልስና ጆርጅ ፔጅ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች በስዊስ አገር ካም በምትባል ከተማ፣ ውሃው በሙቀት ተቀንሶ በቆርቆሮ የሚታሸግ ወተት ማዘጋጀት ጀመሩ። በሚከተለው ዓመት በ1867 ደግሞ፣ ከጀርመን አገር ከፍራንክፈርት መጥቶ ቬቬ በተባለች የሐይቅ ዳር ከተማ የተቀመጠው ሄንሪ ኔስሌ ለሕፃናት የሚሆን፣ ከወተትና ከስንዴ ዱቄት የተሠራ ምግብ አወጣ። ሁለቱ ድርጅቶች ብዙ ዘመን በገበያ ሲፎካከሩ ከኖሩ በኋላ በ1905 ተዋሐዱ።

እንግዲህ የነገሩ ሥር ከዚህ ከወተቱ ላይ ነው። ወተት እንደ ጨርቅ ወይም እንደ ብረት በመርከብ ተጭኖ ሩቅ አገር ድረስ ሄዶ የሚሠራበት ነገር አይደለም፤ ከታለበ በኋላ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ወተቱ ወደ ፋብሪካው በመሄድ ፈንታ ፋብሪካው ወደ ላሞቹ ሄደ። በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ኩባንያው ከስዊስ ውጭ በእንግሊዝ፣ በጀርመን፣ በእስፓንያና በአሜሪካ ፋብሪካዎች ነበሩት። እያንዳንዱ ፋብሪካ ከአገሩ ገበሬ ወተት ይገዛል፤ ለአገሩ ሰው ይሸጣል፤ በአገሩ ገንዘብና በአገሩ ሕግ ሒሳቡን ይይዛል። ከዚያም ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መጡና ወሰን ሲዘጋ፣ መርከብ ሲሰምጥ፣ ደብዳቤ ሲቋረጥ፣ ቅርንጫፉ ከዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ሳይጠብቅ ራሱን ችሎ ማደር ግድ ሆነበት። በሁለተኛው ጦርነት መነሻ ላይ የአስተዳደሩ ከፊል ከቬቬ ተነሥቶ በአሜሪካ ስታምፎርድ በምትባል ከተማ እስከ መቀመጥ ደርሷል።

በሌላም በኩል ጣዕም የሚባል ነገር አለ። በ1938 ኔስካፌ የተባለው በውሃ የሚሟሟ ቡና ለገበያ ሲቀርብ ስሙ በየትም አንድ ይሁን እንጂ፣ ቅምሻው ከአገር አገር ይለያያል፤ አንዱ ሕዝብ መራራና ጥቁር ቡና ይወዳል፣ ሌላው ለስለስ ያለውን ይመርጣል። ይህን የሚያውቀው በዚያው አገር የሚኖር የሽያጭ ሰው ነው እንጂ በሐይቅ ዳር የተቀመጠ አለቃ አይደለም። በዚህ ሁሉ ምክንያት በኩባንያው ውስጥ ሥልጣንን ለቅርንጫፍ የመተው ልማድ ሥር ሰደደ። ይህም ልማድ ከስንፍና ወይም ከአለቆች ቸልተኛነት የመጣ አልነበረም፤ ኩባንያውን ከሁለት የዓለም ጦርነቶች ያሻገረ ጥበብ ነበር። ይህን አስቀድመን ማለታችን፣ በኋላ ስለ ልማዱ ጕዳት ስንናገር አንባቢ የቀድሞዎቹን ሰዎች እንደ ሰነፍ እንዳይቈጥራቸው ነው።

ልማዱ ከባድ ሸክም መሆን የጀመረው ኩባንያው ሌሎችን ኩባንያዎች እየገዛ በሄደ መጠን ነው። በ1947 የሾርባ ማጣፈጫ ከሚሠራው ከማጊ ጋራ ተዋሐደ። ከ1981 እስከ 1997 ሥራውን የመሩት ጀርመናዊው ሚስተር ሄልሙት ማውኸር ደግሞ በ1985 የአሜሪካውን ካርኔሽን፣ በ1988 የእንግሊዙን ራውንትሪና የኢጣሊያውን ቡይቶኒ፣ በ1992 የፈረንሳዩን ፔሪዬ ገዙ። እያንዳንዱም የተገዛ ኩባንያ ሲመጣ ከነመዝገቡ፣ ከነቍጥሩ፣ ከነሒሳብ ልማዱና ከነኮምፒዩተሩ መጣ። ምዕት ዓመቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ኔስሌ ወደ 500 የሚጠጉ ፋብሪካዎችና ከ220,000 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሠራዊት በስም አንድ ቢሆንም በመዝገብ ቋንቋ የማይግባባ ነበር።

የዚህን አለመግባባት ዋጋ በግልጥ ያሳየው የአሜሪካው ቅርንጫፍ ነው። በአሜሪካ ስታውፈር፣ ካርኔሽን፣ ፔሩጂናና ሌሎችም በየራሳቸው አስተዳደር ሲኖሩ ቈይተው በ1991 በአንድ ስም ተጠቃለሉ። ይሁን እንጂ የተጠቃለለው ስሙ ነበር እንጂ ሥራው አልነበረም፤ ክፍሎቹ በየከተማቸው ተቀምጠው እንደ ቀድሞው በየራሳቸው ይወስኑ ነበር። በ1997 የቅርንጫፉ የኮምፒዩተርና የመረጃ ሥራ ኃላፊ ሆነው የተሾሙት ጄሪ ደን የተባሉ ሴት ከዚያ በፊት በስዊስ ዋና መሥሪያ ቤት ይሠሩ ነበር። በዚያም ሳሉ በዓለም ላሉት ቅርንጫፎች ሁሉ የሚሆን የአሠራር ደንብ አውጥተው ነበር። ወደ አሜሪካ ተመልሰው ሲመለከቱ ግን ራሳቸው ካወጡት ደንብ በሥራ ላይ የዋለው ጥቂት ብቻ ሆኖ አገኙት። ደንቡ ተጽፏል፤ ተልኳል፤ ደርሷልም፤ ሥራው ግን እንደ ነበረ ነው። በመሥሪያ ቤት የኖረ አንባቢ ይህ ነገር እንግዳ እንደማይሆንበት እናምናለን።

ከዚህ በኋላ የቅርንጫፉን አሠራር የመረመረው ጓድ የሚከተለውን አገኘ። ፋብሪካዎቹ ለብስኩትና ለጣፋጭ የሚያገለግለውን ቫኒላ የሚገዙት ከአንድ ሻጭ ነበር፤ ነገር ግን ለዚያው ለአንዱ ሻጭ፣ ለዚያው ለአንዱ ቫኒላ 29 ልዩ ልዩ ዋጋ ይከፍሉ ነበር። ሻጩ ለእያንዳንዱ ፋብሪካ የሚከፍለውን ያህል ይጠይቃል፤ ፋብሪካውም ሌላው ስንት እንደሚከፍል አያውቅም። ዋናው መሥሪያ ቤት እንኳ ነገሩን ሊደርስበት አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም አንዱ ፋብሪካ ቫኒላን በአንድ ቍጥር ሲመዘግበው ሌላው በሌላ ቍጥር ይመዘግበዋል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በዚያ ኩባንያ ግን የቫኒላን ስም ያወጣው እያንዳንዱ የመጋዘን ጸሐፊ ነበር። ቁናው ከገበያ ገበያ በሚለያይበት አገር እህል የሸመተ ሰው፣ ዋጋ ከማወዳደር በፊት መስፈሪያን አንድ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። በዚህም ላይ ዋና የሒሳብ መዛግብቱ 9፣ የደንበኛ ትእዛዝ የሚገባባቸው በሮች 28 ሆነው ተቈጠሩ።

የሽያጭ ግምትም እንዲሁ ነበር። በሚመጣው ወር ስንት ካርቶን እንደሚሸጥ የሽያጭ ሰው ገምቶ ለዕቅድ ክፍል ይሰጣል፤ የዕቅድ ሰው የሽያጭ ሰዎች አጋንነው ይናገራሉ ብሎ ቍጥሩን ይለውጠዋል፤ ፋብሪካው ደግሞ የሁለቱንም ሳያምን የራሱን ቍጥር ይጽፋል። ሦስት ሰዎች ስለ አንድ ነገር ሦስት ቍጥር ሲይዙ፣ ትርፉ ሸቀጥ በመጋዘን ይበላሻል፣ የጐደለው ደግሞ ከሱቅ ጠፍቶ ደንበኛ ይመለሳል።

ይህን ለማስተካከል ቤስት የሚባል ፕሮግራም ተነደፈ። 50 የሥራ ኃላፊዎችና 10 የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ተሰብስበው ግዥ፣ ሽያጭ፣ ሒሳብና ዕቅድ በቅርንጫፉ ሁሉ በአንድ መንገድ የሚሠሩበትን ደንብ አወጡ፤ መሣሪያውም ኤስ ኤ ፒ ከተባለው የጀርመን ኩባንያ የተገዛ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሆነ። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ሁለት ስሕተቶች ተሠሩ።

የመጀመሪያው ስሕተት ጥድፊያ ነው። የቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ዓመትን በሁለት አኃዝ ብቻ ይመዘግቡ ስለ ነበር፣ 2000 ሲገባ ይሳሳታሉ ተብሎ በዓለም ሁሉ ተፈርቶ ነበር። ስለዚህ አዲሱ አሠራር ከዚያ ቀን በፊት እንዲጀመር ተወሰነ፤ ሥራው ለቀኑ ተገዢ ሆነ እንጂ ቀኑ ለሥራው አልተወሰነም። ሁለተኛውና የከፋው ስሕተት፣ ደንቡን በሚያወጣው ጓድ ውስጥ ሥራውን በየዕለቱ በእጃቸው የሚሠሩት ሰዎች አለመኖራቸው ነው። የክፍል አለቆች እንኳ ለውጡን የሚሰሙት ከተወሰነ በኋላ ነበር።

የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች እንደ ተባለው፣ ፕሮግራሙ ከተወሰነው ቀን ቀድሞ ተተከለ፤ ነገር ግን በ2000 መጀመሪያ ላይ በየክፍሉ ዐመፅ ተነሣ። ሠራተኛው አዲሱን መሣሪያ መጠቀም ከማያውቀው ይልቅ ስለ ምን እንደ መጣ አለማወቁ አስቈጣው፤ ጥያቄውን ወደ አለቃው ሲያቀርብ አለቃውም አያውቅም። የሽያጭ ግምት ከሚሠሩት ሠራተኞች መካከል ከመቶው 77ቱ ሥራቸውን ለቀቁ። እኛ ይህን ቍጥር ስናነብ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን፣ ከነዚያ ሰዎች ጋራ አብሮ የሄደው ዕውቀት ነው። የትኛው ሱቅ በበዓል ሰሞን ስንት እንደሚያዝ፣ የትኛው ነጋዴ ትእዛዙን እንደሚያዘገይ በብዙ ዓመት የተማሩት በራሳቸው ውስጥ እንጂ በመዝገብ ውስጥ አልነበረም።

መሣሪያዎቹም እርስ በርሳቸው አልተጋጠሙም። ለምሳሌ አንድ የሽያጭ ሰው ለታመነ ደንበኛ ቅናሽ ሰጥቶ በራሱ ክፍል መዝገብ ይጽፋል፤ ገንዘብ የሚሰበስበው ክፍል ግን ስለ ቅናሹ አያውቅም። ደንበኛው በተዋዋለው መሠረት ሲከፍል፣ ሰብሳቢው ክፍል ዕዳውን አጕድሎ እንደ ከፈለ ይቈጥረዋል። ቀድሞ ክፍሎች በስም ይለያዩ ነበር፤ አሁን በአንድ ስም ሥር ሆነው እንደ ገና ተለያዩ።

በሰኔ 2000 ሥራው ቆመ። ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበትን ነገር አቁሞ ተሳስተናል ማለት ለማናቸውም ኃላፊ ቀላል አይደለም፤ ነገሩን ያዳነው ግን ይኸው ነው። በጥቅምት ወር ጄሪ ደንና 19 ዋና ዋና ባለጉዳዮች ከመሥሪያ ቤታቸው ወጥተው ፓሳዴና በምትባል ከተማ ለ3 ቀን ተቀመጡ። ስብሰባው በመጀመሪያ ብሶት መስሚያ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ሦስት ነገር ተወሰነበት። አንደኛ፣ ምን እንደሚያስፈልግ ሳይታወቅ የማለቂያ ቀን እንዳይቈረጥ፤ ሁለተኛ፣ የክፍል አለቆች ሳያምኑበት ምንም ነገር እንዳይጀመር፤ ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ለውጡ መቼ፣ ስለ ምንና እንዴት እንደሚደረግ አስቀድሞ እንዲነገረው። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው ለውጡን እንዴት እንደ ተቀበለው በየጊዜው ይጠየቅ ጀመር፤ አልተዘጋጀንም ያሉበት ክፍል ሲገኝ ሥራው ለወራት እስከ መዘግየት ደርሷል። በዚህ ዐይነት ነገሩ ተቃና፤ በ2002 የአሜሪካው ቅርንጫፍ ከአዲሱ አሠራር 325 ሚሊዮን ዶላር እንደ ተረፈው አስታወቀ። የትርፉም ብዙው እጅ የመጣው ከዚያው ከሽያጭ ግምት መስተካከል ነበር።

አሜሪካኖቹ በዚህ ሲታገሉ ሳሉ፣ በቬቬ ደግሞ የሚበልጥ ሥራ ታስቦ ነበር። ከ1997 ጀምሮ ኩባንያውን የመሩት ኦስትሪያዊው ሚስተር ፒተር ብራቤክ በ2000 ግሎብ የተባለውን ፕሮግራም አወጁ። በዚያው ዓመት በሰኔ ከኤስ ኤ ፒ ጋራ የ200 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈረመ፤ ለምክርና ለጥገናም 80 ሚሊዮን ተጨመረበት። የዚህ ሥራ መሪ ሆነው የተመረጡት ሚስተር ክሪስ ጆንሰን የኮምፒዩተር ሊቅ አልነበሩም፤ በታይዋን የኩባንያውን ንግድ ይመሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ይህ ምርጫ ራሱ ትምህርት አለው፤ ነገሩ የመሣሪያ ነገር ሳይሆን የሥራ አመራር ነገር መሆኑን ያመለክታልና።

የግሎብ ዓላማ ሦስት ነበር። የመጀመሪያው፣ ከየቅርንጫፉ የተሻለውን የሥራ አካሄድ መርጦ ለሁሉ የጋራ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ጥሬ ዕቃው፣ ሸቀጡ፣ ሻጩና ደንበኛው በየአገሩ በአንድ ስምና በአንድ ቍጥር እንዲጠራ ማድረግ ነው። ሦስተኛው፣ ይህን ሁሉ የሚሸከም አንድ የኮምፒዩተር አሠራር መትከል ነው። መሣሪያው በመጨረሻ መቈጠሩን አንባቢ ያስተውል። ሚስተር ጆንሰን ከየአገሩ ሥራ ያወቁ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎችን ሰብስበው፣ ግዥ እንዴት እንደሚፈጸም፣ ትእዛዝ እንዴት እንደሚገባ፣ ሒሳብ እንዴት እንደሚዘጋ እያንዳንዱን ርምጃ አጻፉ። የተጻፈውም ለአውሮፓ፣ ለሁለቱ አሜሪካዎች፣ እንዲሁም ለእስያ፣ ለኦሺያንያና ለአፍሪካ እንዲስማማ ተደርጎ በሦስት ክፍል ተዘጋጀ። መጀመሪያ በስዊስ፣ በማሌዢያና በሲንጋፖር፣ በደቡብ አሜሪካም ተፈተነ።

ሥራው በታሰበው ቀን አላለቀም። በ2003 መጨረሻ ከኩባንያው ንግድ ከመቶ 70ው እጅ በአዲሱ አሠራር እንዲገባ ታቅዶ ነበር፤ ይህ አልተፈጸመም። ከአምስቱ እጅ አራቱ እጅ ገደማ የገባው በ2005 መጨረሻ ላይ ነው። መዘግየቱን እንደ ነውር የቈጠሩት ነበሩ፤ እኛ ግን የአሜሪካውን ታሪክ ካየን በኋላ፣ ባልተዘጋጀ ሰው ላይ ከሚጫን ፍጥነት የተዘጋጀ ሰው መዘግየት ይሻላል እንላለን።

እዚህ ላይ የተቃዋሚዎቹን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። በየአገሩ የነበሩ የቅርንጫፍ አለቆች ብዙዎቹ ፕሮግራሙን አልወደዱትም። ገበያችንን የምናውቅ እኛ ነን፣ ኩባንያውን ያሳደገው የእኛ ነጻነት ነው፣ አሁን ግን ከሩቅ የተላከ ቅጽ ሞሊዎች ልትሏደርጉን ነው ይሉ ነበር። ነገራቸው ሐሰት አልነበረም፤ ከላይ እንዳየነው ያ ነጻነት ኩባንያውን በክፉ ቀን ጠብቆታል። ደግሞም ሁሉ በአንድ መዝገብ ሲገባ፣ በአንድ ስፍራ የተሠራ ስሕተት ለሁሉ ይተርፋል።

የክርክሩ መፍቻ የተገኘው ሁለት ዐይነት ልዩነት መኖሩን በመለየት ይመስለናል። አንዱ ልዩነት ምክንያት ያለው ነው፤ የአንድ አገር ሰው መራራ ቡና ቢወድ፣ ሌላው በትንሽ ጥቅል መግዛት ቢመርጥ፣ ይህን አንድ ለማድረግ መሞከር ደንበኛን ማባረር ነው። ስለዚህ ቅምሻው፣ ጥቅሉና ማስታወቂያው ለአገሩ ሰው ተተወ። ሌላው ልዩነት ግን ምክንያት የሌለው፣ ከልማድ ብቻ የቀረ ነው፤ ቫኒላን በ29 ዋጋ መግዛት የማንንም አገር ጣዕም አያስከብርም። ደንበኛው በምላሱ የሚያውቀው ይለያይ፤ ደንበኛው ፈጽሞ የማያየው መዝገብ አንድ ይሁን። የቅርንጫፍ አለቃም ከዚህ ያገኘው ጥቅም አለ፤ ለአንድ ዕቃ ስንት እንደሚከፈል በማጣራት ያጠፋ የነበረውን ጊዜ ደንበኛውን ለማወቅ ሊያውለው ይችላል።

እኛም የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ሆንን፣ ይህ የሩቅ አገር ነጋዴዎች ታሪክ ከእኛ ደጅ የማይደርስ አድርገን ልንመለከተው አይገባም። በአገራችን በመሥሪያ ቤቶች የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በተባለው ጥናት ብዙዎቻችን ተካፍለናል፤ አሠራርን አንድ ማድረግ፣ የባለጉዳዩን መንገድ ማሳጠር የዚያም ጥናት ምኞት ነበር። ከዚህ የተማርነው ቢኖር፣ የታሰበው ነገር የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው በጥናቱ ወረቀት ላይ ሳይሆን፣ በመስኮቱ ወዲያና ወዲህ በተቀመጡት ሁለት ሰዎች፣ በጸሐፊውና በባለጉዳዩ መካከል መሆኑን ነው።

ስለዚህ አዲስ ቅጽ ለማውጣት ወይም ሰርኩላር ለመጻፍ ብዕር የሚያነሣ ኃላፊ አስቀድሞ ራሱን ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ መልካም ነው እንላለን። አንድ ላደርገው የፈለግሁት ልዩነት ምክንያት ያለው ነው ወይስ የሌለው? ቅጹን በየዕለቱ የሚሞላው ሰው ሲዘጋጅ አብሮን ተቀምጦ ነበርን? ያወጣሁትስ ቀን ሥራው የሚጠይቀው ነው ወይስ እኔ የምመኘው? ጄሪ ደን ከስዊስ ሆነው የጻፉት ደንብ በአሜሪካ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ የቀረው ክፉ ደንብ ስለ ነበር አይደለም። የሚሠራበት ሰው የራሱ አድርጎ ስላልተቀበለው ነው። በኋላ ግን ሰዎቹ በፓሳዴና ተቀምጠው ብሶታቸውን ከተናገሩ፣ አለቃውም ተሳስተናል ካለ በኋላ፣ ያው የቀድሞው አሳብ በሥራ ላይ ዋለ፤ ቫኒላውም አንድ ስም አገኘ።